ሙያ በሰው አገር

በሰው አገር ለሚኖር ሰው ከገንዘብ ይልቅ መነሻ ሀብቱ ሙያው ነው። በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን የያዘው የኢጣልያ ጦር በኅዳር 1934 ዓ.ም. በዚያው በጎንደር ድል ሆነ። ይሁን እንጂ አንዳንድ ኢጣልያውያን ባለሙያዎች በኢትዮጵያ ቀሩ። የጦሩ ከለላ ስለ ቀረባቸው እንጀራቸው በደንበኛው ፈቃድ ላይ ተመሠረተ። ስለዚህ መኪና ጠገኑ፤ ቡና ቤት ከፈቱ። እንዲህ ያለው የአገልግሎት ሥራ ብዙ ሸቀጥ አያሻውም፤ የሚያሻው መሣሪያ፣ የእጅ ጥበብ፣ የአገሩ ቋንቋና የደንበኛው አመኔታ ነው። በረዳትነት የሠሩ ኢትዮጵያውያንም ሙያውን ቀሰሙ፤ ውለው አድረውም የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። ዛሬ ጎማ ጠጋኙ “ጎሚስታ”፣ የመኪና ማጠቢያው “ላቫጆ”፣ የጎንደር መኻል ከተማም “ፒያሳ” መባላቸው የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። ወራሪው ተባረረ፤ ሙያው ግን ከነስሙ የባለአገሩ ሆነ።