ለአምስት ይካፈል ወይስ ለአራት?

ይህችን አጭር ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ በመመረቂያ ጽሑፌ ላይ የገጠመኝ ነገር ነው። አሞራ ገደል ሄጄ ከሐዋሳ ሐይቅ የወጡ ጥቂት የቆሮሶ ዓሦችን ርዝመት ለካሁና በፓይተን አሰላሁት። አማካሪዬ ያንኑ ዳታ በኤክሴል ሲሰሩት ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ከእኔ በለጠ። «ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» አሉኝ። ለማስረከብ አራት ቀን ነበር የቀረኝ፤ እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም።

ነገሩን በአምስት ዓሦች እንየው። ርዝመታቸው 20፣ 22፣ 24፣ 26 እና 28 ሳንቲ ሜትር ቢሆን አማካዩ 24 ነው። እያንዳንዱ ከአማካዩ የሚርቅበት ስኩዌር ተደርጎ ሲደመር 40 ይሆናል። ኤክሴል በተለመደው ቀመሩ 40ን ለ4 አካፍሎ ስኩዌር ሩቱን ሲያወጣ 3.16 ይሰጣል፤ አር የተባለው ሶፍትዌርም እንደዚያው። የፓይተኑ ነምፓይ ግን ካልነገሩት በስተቀር ለ5 አካፍሎ 2.83 ይላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። የምንፈልገው እነዚህን አምስቱን ብቻ ከሆነ ለ5 ይካፈላል። በእነሱ አማካኝነት ስለ ሐይቁ ቆሮሶ ሁሉ ለመናገር ከሆነ ግን፣ አማካዩ ራሱ የተገኘው ከአምስቱ ስለሆነ ወደ እነሱ ያደላል፣ ድምሩም ያንሳል፤ ለ4 ማካፈሉ ይህንን ያካክሳል። 500 ዓሣ ብለካ ኖሮ ልዩነቱን ማንም አያየውም ነበር።

ታዲያ ማኑዋሉ አልነገረኝም? ነግሮኛል እኮ! ግን የመጀመሪያው መስመር «ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ያሰላል» ብሎ ያልፋል። ዋናዋ ነገር ታች ከፓራሜትሮቹ መሀል «ዲዲኦፍ» በሚል ስም ተቀምጣለች (ስሟን አይቶ ማን ይገምታል?)፤ ካልነኳት ዜሮ ናት። ሳይፓይ ደግሞ ይብሳል፦ ዚ-ስኮር የሚያሰላው ፈንክሽን ከዜሮ ሲነሳ፣ የአማካዩን ስታንዳርድ ኤረር የሚያሰላው ከ1 ይነሳል። አንድ ላይብረሪ፣ ሁለት ልማድ!

ማኑዋል የሚሻሻለው በተቸገረ ሰው ነው። በአሜሪካ የሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የአስትሮኖሚ መምህር ጆሴፍ ሃሪንግተን ተማሪዎቻቸው በማኑዋል እጦት ሲቸገሩ አይተው እ.ኤ.አ. በ2008 ክረምት የነምፓይን ገጾች በበጎ ፈቃደኞች ማስጻፍ ጀመሩ። ዛሬም ማንም ተማሪ እርማት መላክ ይችላል።

እኔም ከመጀመሪያው መስመር ሥር የምትገባ አንዲት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቻለሁ፦ «ዳታህ ናሙና ከሆነ ዲዲኦፍን 1 አድርግ።» አምስቱ ዓሦችም በምሳሌነት ተከትለዋል። እንግሊዝኛውን እያረምኩ ነው፤ እስከዚያው አማርኛውን ኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።