በገዛ እጅ ስለሚሠራ አይሮፕላንና ስለ ማኅበር ጥቅም

አይሮፕላን ሲባል በብዙዎቻችን አሳብ የሚመጣው ከቦሌ ተነሥቶ በሰማያችን ላይ የሚያልፈው ትልቁ የመንገደኞች አይሮፕላን ነው። እንዲህ ያለው በትልልቅ ፋብሪካና በብዙ ሺህ ሠራተኛ ይሠራል። ነገር ግን በዓለም ላይ ሌላ ዐይነት አይሮፕላን ሠሪዎችም አሉ። እነርሱ ቀን ሐኪም፣ አናጢ፣ አስተማሪ ወይም መካኒክ ሆነው ይውሉና ማታና በበዓል ቀን በጓሯቸው አንድ ወይም ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ አይሮፕላን ይሠራሉ። የሚደክሙት ለመማርና በሠሩት ለመብረር ነው እንጂ ለሽያጭ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ስለ እነርሱ ጥቂት ለመግለጽ አስቤአለሁ።

ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ የገባው በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. ነው። ከስድስት ዓመት ያህል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ጀርመናዊው አብራሪና መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ረዳቶች ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ሠራ። በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች። በዚያን ዘመን አይሮፕላን ከሚያርፍባቸው ሜዳዎች አንዱ ይኸው የእኛ አቃቂ እንደ ነበረ ስንቶቻችን እናውቃለን? ጠላት አገራችንን በያዘ ጊዜ «ፀሐይ» ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ በዚያ አገር የአየር ኃይል ቤተ መዘክር ብዙ ዘመን ኖረች። ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች።

በእኛ ዘመን ደግሞ ስማቸው በአገር ውስጥም በውጭም የተሰማ አንድ ሰው አሉ፤ እርሳቸውም አቶ አስመላሽ ዘፈሩ ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ አብራሪ ለመሆን ይመኙ ነበር፤ ዳሩ ግን ቁመታቸው ከተወሰነው ልክ በአንድ ሳንቲ ሜትር ስላነሰ ሳይገቡ ቀሩ። የተማሩት የጤና ሙያ ነው። የአይሮፕላንን ዕውቀት ከመጻሕፍትና በዩቲዩብ ከሚታየው ትምህርት እየለቀሙ በ570 ቀን አንዲት አይሮፕላን ሠሩ። ስሟንም ኬ-570ኤ አሏት፤ «ኬ» ከእናታቸው ከወይዘሮ ኪሮስ ስም፣ 570 ከሥራው ቀን ቍጥር የተወሰደ ነው። ሞተሩ ያገለገለ የቮልስዋገን መኪና ሞተር ሲሆን 40 የፈረስ ጕልበት አለው። ጎማዎቹ ከሱዙኪ ሞተር ብስክሌት የተገኙ ናቸው። በሰኔ ወር 2007 ዓ.ም. ለሙከራ ወደ ሜዳ ባወጧት ጊዜ ግን ፕሮፔለሩ ተበላሽቶ ሳትነሣ ቀረች።

ይህን ሰምቶ የሚሥቅ ሰው አይታጣም። ነገር ግን ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ብናውቅ ከመሣቅ ይልቅ እናደንቃለን። ከችግሮቹ ሦስቱን ብቻ ላስረዳ።

አንደኛው ከፍታ ነው። አቃቂ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ አገር ነው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተር ቤንዚኑን የሚያቃጥለው በአየር ስለ ሆነ፣ በጠረፍ 40 የፈረስ ጕልበት የሚሰጥ ሞተር እዚህ 32 ያህል ብቻ ይሰጣል። ክንፍም ክብደት የሚያነሣው በአየር ስለ ሆነ፣ በጠረፍ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ሮጦ የሚነሣ አይሮፕላን በእኛ ዘንድ እስከ 78 መሮጥ ይኖርበታል። እንግዲህ ጕልበቱ ሲያንስ የሚፈለገው ሩጫ ይጨምራል። በውጭ አገር የተነደፈውን ፕላን እንዳለ መገልበጥ የማይበቃው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ፕሮፔለር ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ፕሮፔለር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር፣ ጫፉ በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። በዚህ ፍጥነት አንዱ ወገን ከሌላው በጥቂቱ ቢከብድ መላው አይሮፕላን ይንቀጠቀጣል፤ በእንጨቱ ውስጥ የተሰወረ ስንጥቅ ቢኖርም ይሰበራል።

ሦስተኛው የክብደት ሚዛን ነው። ክብደቱ ወደ ጅራት ካደላ አፍንጫው ወደ ላይ ይቃናል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ በመጨረሻም ክንፉ ማንሣት ያቅተውና ይወድቃል። ይህን እኔና ሁለት ጓደኞቼ በካርቶን በሠራናት አይሮፕላን አይተነዋል። ስንወረውራት ቀና ትልና ወዲያው በጀርባዋ ትወድቃለች። እኔ ክንፉን ሦስት ጊዜ ቀየርሁት፤ ምንም አልረባም። በመጨረሻ አንዱ ጓደኛዬ «ጥፋቱ ከክንፉ አይደለም» ብሎ በአፍንጫዋ ላይ አንድ ሳንቲም ለጠፈባት። ያን ጊዜ ከግቢው አጥር እስከ ክፍሉ ደጃፍ ቀጥ ብላ ሄደች። ብቻዬን ብሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ክንፍ ስቀይር በኖርሁ ነበር።

የማኅበር ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1953 ፖል ፖበሬዝኒ የሚባል አሜሪካዊ አብራሪ ጥቂት ባልንጀሮቹን በሚልዋኪ ከተማ ሰብስቦ የአይሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር አቆመ። ዛሬ ይህ ማኅበር በብዙ አገር ቅርንጫፍ አለው። አባሎቹ መሣሪያ ይዋዋሳሉ፤ ልምድ ያለው አባል የጀማሪውን ሥራ እየዞረ ያያል። ክንፉ በጨርቅ ከመሸፈኑ በፊት ሙጫውና መጋጠሚያው ይመረመራል፤ ከተሸፈነ በኋላ ማየት አይቻልምና። ሦስቱ ጎማዎች በሦስት ሚዛን ላይ ቆመው ክብደቱ ወዴት እንዳደላ ይሰላል። ከዚያ በኋላ አይሮፕላኑ በመሬት ላይ ብዙ ጊዜ ይነዳል። መንግሥት መርምሮ ሲፈቅድም የመጀመሪያዎቹን ሰዓቶች ያለ መንገደኛ፣ ሰው ከሚበዛበት ስፍራ ርቆ ይበራል።

ስለዚህ ብቻውን የሚሠራ ሰው ስሕተቱን የሚያውቀው በሜዳ ላይ ሲሆን፣ በማኅበር የሚሠራ ግን በጠረጴዛ ላይ ሳለ ያውቀዋል። በሌላ ሥራ ይህ ልዩነት የገንዘብ ኪሣራ ብቻ ያመጣ ይሆናል፤ በአይሮፕላን ግን የሰው ነፍስ ያስከፍላል። ደፋር ሰው በአገራችን ሞልቷል። የሚያስፈልገው ደፋሩን በጊዜ «ቆይ፣ ገና ነው» የሚለው ዐዋቂ ባልንጀራ ነው።

አቃቂና ቃሊቲ የሥራ አገር ናቸው። በየመንገዱ በያጅ፣ አናጢ፣ የሞተር ዐዋቂና ቀለም ቀቢ አለ፤ ብዙዎቹም የእኛው አባቶችና ወንድሞች ናቸው። በትምህርት ቤታችን ማኅበር ቢቋቋም በካርቶንና በቀርከሃ እንጀምር፤ ወደ ሞተር አንቸኵል። የፊዚክስ መምህራኖቻችን ስሌቱን ያርሙልን፤ ወላጆቻችንም በቅዳሜ አንድ ሰዓት መጥተው እንጨት እንዴት እንደሚጋጠም ያሳዩን። «ጊዜ ማጥፊያ ነው» የሚሉን ወላጆች ቢኖሩ፣ መለካትን፣ መመዘንንና የጓደኛን እርማት መቀበልን የምንማርበት መሆኑን እንዲያስቡልን እንለምናለን።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላል። አቶ አስመላሽ 570 ቀን የተሸከሙትን ሸክም ተካፍለን ብንይዘው፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሠሪ ወደ ሜዳ የሚወጣው ፕሮፔለሩ አስቀድሞ ተመርምሮለት ይሆናል።