ሰማዩ ለምን ሸካራ ሆነ?

ለገዳዲ ግድብ ዳር የተነሣ የድሮ ባለቀለም ፎቶ ከኔጋቲቩ ስካን ሲደረግ ችግሩ ሰዎቹ ላይ ጎልቶ አይታይም። ከጀርባቸው ያለው ባሕር ዛፍ ደህና ነው፤ የነጠላው ጥለትም ይለያል። ሰማዩና ውኃው ግን ሸካራ ናቸው፤ ጠጋ ብለው ሲያዩዋቸው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነቁጥ ተነስንሶባቸዋል። ቅንጣት (grain) የሚባለው ይህ ነቁጥ ያለው በፎቶው ሁሉ ላይ ነው። ቅጠልና ጥለት በዝርዝራቸው ብዛት ይሸሽጉታል፣ ልሙጥ ቦታ ግን ያጋልጠዋል። ከሃምሳ ዓመታት በላይ ለአዲስ አበባ ውኃ ሲመግብ የኖረው ሐይቅ ደግሞ ከሰማዩ ጋር ሆኖ የፎቶውን አብዛኛውን ክፍል ሊይዝ ይችላል።

በፊልም ላይ ብርሃን የሚቀበሉት በጄላቲን ውስጥ የተበተኑ የብር ጨው ክሪስታሎች ናቸው። ፊልሙ ሲታጠብ ብርሃን ያገኛቸው ወደ ብር ይለወጣሉ፤ በዙሪያቸውም ቀለም ይፈጠራል። ከዚያ ብሩ በኬሚካል ተወግዶ ቀለሙ ብቻ ይቀራል። እንግዲህ ቅንጣቱ ፎቶው ላይ ያረፈ ቆሻሻ ሳይሆን ፎቶው የተሠራበት ነገር ነው። አንዳንድ ስካነሮች አቧራና ጭረትን በኢንፍራሬድ ለይተው ያጠፋሉ፤ ኢንፍራሬድ በፊልሙ ቀለም ውስጥ ያልፋል፣ አቧራ ግን ያግደዋል። ቅንጣቱ ራሱ ቀለም ስለሆነ ይህ ዘዴ አይነካውም።

ለደብዛዛ ብርሃን የተሠራ ባለ 400 ISO ፊልም ከባለ 100 ይልቅ ትልልቅ ክሪስታሎች አሉት። ይበልጥ የሚጎዳው ግን የብርሃን ማነስ ነው። ማታ በአምፖል ብርሃን በተነሣ የሠርግ ፎቶ ላይ የሚነቁት ትልልቆቹና ፈጣኖቹ ክሪስታሎች ብቻ ናቸው፤ ቀለሙም ተራርቆ ይቀመጣል። ስካነሩ ያንን ደካማ ምስል ለማጉላት ሲሞክር ቅንጣቱንም አብሮ ያጎላዋል።

የሚታየው ነቁጥ ሁሉ የፊልሙ ላይሆንም ይችላል፤ ስካነሩም የራሱ ሁካታ (noise) አለው። ሁለቱን ለመለየት አንዱን ኔጋቲቭ ሁለት ጊዜ ስካን ማድረግ ይበቃል። በሁለቱም ላይ በአንድ ቦታ የተገኘው ነቁጥ የፊልሙ ነው፣ ቦታ የቀየረው የስካነሩ። የአራት ስካኖችን አማካይ መውሰድ የስካነሩን ሁካታ በግማሽ ይቀንሳል፤ የፊልሙን ቅንጣት ግን ንክች አያደርገውም።

ለፊልሙ ቅንጣት እኔ የምመርጠው መንገድ የሚጀምረው ከስካነሩ ነው። የምስሉን ጠርዝ የሚያጎላውን መቼት ዘግቶ በ4,000 ነጥብ በኢንች ስካን ማድረግ፣ ከዚያ የአራት አራት ፒክስሉን አማካይ ወስዶ ወደ አንድ መቀነስ ጥሩ ነው። በዝቅተኛ ጥራት በቀጥታ ስካን ማድረግ ግን ቅንጣቱን ከእውነተኛው ይልቅ ሊያጎላው ይችላል። ቀጥሎ የፎቶ ማረሚያው ብርሃንንና ቀለምን ለየብቻ እንዲይዝ ይደረጋል። ዓይናችን በብርሃን ልዩነት ላይ ስል ነው፣ በቀለም ዝርዝር ላይ ግን ቸልተኛ። ስለዚህ የቀለሙን ነቁጥ አጥብቆ ማለስለስ ይቻላል፤ ብርሃኑ ላይ ግን በስሱ፣ ያውም ሰማዩና ውኃው ላይ ብቻ። ፊት ላይ ሲበዛ ቆዳ እንደ ሰም ይሆናል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያለሰልሱት አዳዲስ ፕሮግራሞች ያሳስቡኛል። የጠፋውን ዝርዝር በግምት ይሞላሉ፤ አያት ያልለበሱትን ጥለት ሊስሉላቸው ይችላሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ የወጣው የድሮ ፎቶዎች ስብስብ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የቤት አልበም የከተማ ታሪክ ምስክር መሆኑን አሳይቶናል። ምስክር የሆነ ፎቶ ያልነበረ ነገር ሊጨመርበት አይገባም፤ ያልተነካው ስካንም ሁልጊዜ ለብቻው ይቀመጥ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት መታየት ያለበት የኅትመቱ መጠን ነው። 36 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ፍሬም በ4,000 ነጥብ ወደ 5,670 ፒክስል ይሰጣል። ይህን በተለመደ የኮምፒውተር ማሳያ ላይ በሙሉ መጠኑ ማየት 1.4 ሜትር ገደማ የሚሰፋ ፎቶን በክንድ ርቀት እንደማየት ነው። በ10 በ15 ሳንቲሜትር ለሚታተም ፎቶ ከዚያ ቅንጣት ብዙው በዓይን ስለማይታይ፣ መጀመሪያ አንድ ቅጂ አሳትሞ ማየት ይሻላል።