ተጨማሪ መረጃ፦ አዩርቬዳና ድባቴ
በደቡብ ሕንድ ኬረላ ግዛት ታካሚው በእንጨት አልጋ ላይ በጀርባው ይጋደማል፤ ከበላዩ ከተንጠለጠለ ማሰሮ ለብ ያለ የሰሊጥ ዘይት እንደ ክር ቀጥኖ ግንባሩ ላይ ይወርዳል። ይህ የአዩርቬዳ ሕክምና ሺሮዳራ ይባላል። የሕንድ ባህላዊ ሕክምና የሆነው አዩርቬዳ ጤናን የሚያየው ቫታ፣ ፒታና ካፋ በሚላቸው ሦስት ኃይሎች ሚዛን ነው። ለከበደው መንፈስ በማለዳ መነሳትን፣ እንቅስቃሴንና ትኩስ ቀለል ያለ ምግብን ይመክራል፤ ይህ መቼም ክፋት የለውም። አሽዋጋንዳ የተባለው ሥር ግን ጭንቀትን እንደሚቀንስ አነስተኛ ጥናቶች ቢጠቁሙም፣ የአንዳንዶችን ጉበት ጎድቷል። በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ደግሞ ቦስተን አካባቢ ከተሸጡ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች በ14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። ስለዚህ ሐኪም ያዘዘላችሁን የድባቴ መድኃኒት በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡ።