ፕኒና ታማኖ ሻታ እና ያልተዘጋው የጎንደር መዝገብ

ፕኒና ታማኖ ሻታ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 የእስራኤል የዓሊያና የክሊታ ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ፣ ኢትዮጵያ ተወልዶ በዚያች አገር ካቢኔ ውስጥ የተቀመጠ ከእሳቸው በፊት አልነበረም። ሚኒስቴሩ ወደ እስራኤል የሚገቡትን ተቀብሎ የሚያቋቁም ነው። በጎንደርና በአዲስ አበባ ተራቸውን ሲጠብቁ ለኖሩት ሰዎች ከዚህ የበለጠ የምሥራች ሊኖር አይችልም ነበር። ሚኒስትሯ በወንበሩ ላይ ሁለት ዓመት ተኩል ቆዩ፤ በሺዎች የሚቆጠሩም ገቡ። ጥያቄው ግን ዛሬም አልተፈታም፤ ምክንያቱም ሥሩ ከአንድ ሚኒስትር ሥልጣን በላይ ነው።

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። ቤተ እስራኤል ርስት ተነፍገው በሽመና፣ በብረት ቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ የሚኖሩ፣ ጎረቤት ቡዳ እያለ የሚሸሻቸው ሕዝብ ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን መጡባቸው፤ ከ1888 እስከ 1892 ደግሞ ክፉ ቀን የተባለው ታላቅ ረሃብ መጣ። በስብከትም፣ በረሃብም፣ መሬት ለማግኘትም ብለው ብዙዎች ክርስትና ተነሡ። ዛሬ የሚጠብቁት የእነዚያ ሰዎች ዘሮች ናቸው። ራሳቸውን ዘረ እስራኤል ብለው ይጠራሉ፤ ፈላሽ ሙራ መባልን ብዙዎቹ አይወዱትም።

የእስራኤል የመመለስ ሕግ የወጣው በ1950 ነው። በ1970 ሲሻሻል መብቱ ለአይሁዳዊ ልጅ፣ ለልጅ ልጅና ለትዳር ጓደኞቻቸው ተሰጠ፤ በፈቃዱ ሃይማኖቱን የለወጠ ግን እንዲቀር ተደረገ። በ1973 የእስራኤል የሴፋርዲ ዋና ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ወሰኑ፤ በ1975 መንግሥት ሕጉ ለእነሱም እንዲሠራ አደረገ። ክርስትና የተነሡት ቤተሰቦች ዘሮች ከዚህ ውጭ ቀሩ። እነሱ የሚገቡት በሌላ ሕግ፣ ቤተሰብ ለማገናኘት ተብሎ ሲፈቀድ ነው፤ ከገቡ በኋላም ጊዩር፣ ማለትም ወደ አይሁድ እምነት የመመለሻውን ሥርዓት፣ ይፈጽማሉ። በመመለስ ሕግ የሚመጣ ሰው መብቱን ይዞ ይመጣል። የጎንደሩ ሰው ግን የካቢኔ ውሳኔ፣ በጀትና የስም ዝርዝር ይጠብቃል። መከራው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ወይዘሮ ፕኒና በ1981 በጎንደር አካባቢ ተወለዱ። በሦስት ዓመታቸው፣ በዘመቻ ሙሴ፣ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ እናታቸው ወደ ኋላ ቀርተው የተቀላቀሏቸው ቆይተው ነው። ሕግ ተማሩ፣ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ሆኑ፣ በ2013 በየሽ አቲድ ፓርቲ በኩል የእስራኤል ምክር ቤት፣ ክኔሴት፣ ገቡ፤ ኢትዮጵያ ከተወለዱ ሴቶች የመጀመሪያዋ ነበሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ እዚያው ምክር ቤት ግቢ ውስጥ ደም ሊለግሱ ቀርበው፣ በትውልድ አገራቸው ምክንያት ተመለሱ። ቁስሉ አዲስ አልነበረም። በ1996 ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም በድብቅ ሲጣል መኖሩ ታውቆ ኢየሩሳሌም በተቃውሞ ተናውጣ ነበር። በ2015 ምርጫ ወንበራቸውን አጡ፣ በ2018 ተመለሱ። በ2020 የሽ አቲድና የቤኒ ጋንትዝ ፓርቲ ጥምረታቸውን አፍርሰው ሲለያዩ፣ ከቀድሞ ፓርቲያቸው ጋር ወደ ተቃዋሚነት ከመሄድ ይልቅ ወደ መንግሥት ከገቡት ከጋንትዝ ጋር ቀሩ፤ ሹመቱን ያስገኘላቸው ይህ ውሳኔ ነው።

የያዙት ሚኒስቴር ጉልበቱ የሚጀምረው አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ነው። ማን ይግባ የሚለውን የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ይመረምራል፤ ገንዘቡን የፋይናንስ ሚኒስቴር ይይዛል፤ ጊዩሩ የሃይማኖት አባቶች እጅ ነው። ስለዚህ ሚኒስትሯ የቀራቸው መሣሪያ ካቢኔ ውስጥ መሟገት ነበር፤ ተሟገቱም። በጥቅምት 2020 ለ2,000 ሰዎች ፈቃድ ወጣ። በኅዳር መጨረሻ ራሳቸው ኢትዮጵያ መጡ፤ ከ300 በላይ መንገደኞች የያዘው የመጀመሪያው አውሮፕላንም ቴል አቪቭ አጠገብ አረፈ። ጹር እስራኤል የተባለው ይህ ዘመቻ በመጋቢት 2021 አበቃ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር መጨረሻ፣ የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ወደ ሸዋ በደረሰበት ወቅት፣ ለተጨማሪ 3,000 ሰዎች ተፈቀደ። እሱም በ2022 መጀመሪያ በፍርድ ቤት ታግዶ ከቆየ በኋላ ነው በዓመቱ አጋማሽ በረራው የቀጠለው።

በዚያው 2022 የዩክሬን ጦርነት ሲነሣ፣ ይኸው ሚኒስቴር ከሩሲያና ከዩክሬን የመጡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ተቀበለ። መቀበሉ ተገቢ ነበር። ከእነሱ ውስጥ ብዙዎች የገቡት በአያት በኩል ባላቸው የዘር ሐረግ ነው፤ በሃይማኖቱ ሕግ አይሁድ የማይባሉም ነበሩባቸው። የጎንደሩ ሰው ደግሞ በ2003 በወጣው የመንግሥት ውሳኔ የተለካው በእናቱ ወገን ነው። አባቱ ቤተ እስራኤል የሆነ፣ እህቱ ወይም ልጁ እስራኤል ውስጥ ያለ ሰው በዚህ መለኪያ ወድቋል። ይህን ሁለት ሚዛን የሚያስረዳ አጥጋቢ መልስ እስካሁን አልሰማሁም።

ተቃዋሚዎች አሉ፤ ክርክራቸውም መሰማት አለበት። የሚጠብቁት ክርስቲያን ናቸው፣ ዝርዝሩም ማለቂያ የለውም ይላሉ፤ ከቤተ እስራኤል ቄሶች መካከልም ይህን የሚሉ አሉ። ዝርዝሩ ማለቂያ ያጣው ግን በአሠራሩ ነው። በነሐሴ 2013 የመጨረሻው በረራ ተብሎ በዓል ተደረገ። ከሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ በኅዳር 2015 ወደ 9,000 የሚጠጉ ቀሪዎች በአምስት ዓመት እንዲገቡ ካቢኔው በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ በቀጣዩ ዓመት ውሳኔው በበጀት ሰበብ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የሚፈቀደው በቁራጭ ነው። ወላጅ ሲገባ ያገባ ልጅ ይቀራል፤ ያ ልጅ ሲገባ ደግሞ የሚስቱ እናት ትቀራለች፤ እያንዳንዱ በረራ አዲስ አመልካች ይወልዳል። መንደራቸውን፣ እርሻቸውን ትተው ጎንደር የከተሙት ደግሞ ሥራም መሬትም ሳይኖራቸው በኪራይ ቤት ልጅ ያሳድጋሉ።

በታኅሣሥ 2022 መንግሥት ሲለወጥ ወይዘሮ ፕኒና ወደ ተቃዋሚው ወገን ተመለሱ፤ በክኔሴት የሴቶች ጉዳይ ኮሚቴንም መርተዋል። እሳቸው ካስወሰኗቸው ሁለት ውሳኔዎች አንዱም የአባት ወገንን ጥያቄ በሕግ አልቋጨም፤ አመልካች የሚቆጠርበትንም የመጨረሻ ቀን በሕግ አላጸናም። እነዚህ ሁለቱ በሕግ ካልተጻፉ የሚቀጥለውም ሚኒስትር፣ ከየትኛውም ወገን ቢመጣ፣ ለጥቂት ሺህ ሰዎች ፈቃድ ሊለምን ካቢኔ ፊት መቆሙ አይቀርም።