ዳግም የሚሠሩ ፊልሞችና የደረስጌ ታሪክ

አንዴ ተሠርቶ የታየ ፊልም በአዲስ ተዋንያንና በአዲስ ቀረፃ እንደገና ሲሠራ ሁለት ዓይነት ተመልካች ይጠብቀዋል። አንዱ የመጀመሪያውን ስለወደደ የሚመጣ ነው፤ ሌላው የመጀመሪያውን ጨርሶ ያላየ። «የድሮው ይሻላል» የሚለው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከፊተኛው አፍ ነው፤ አንዳንዴም ፊልሙ ገና ሳያልቅ። ፍርዱ ግን ሁልጊዜ አይሰምርም። ሲሲል ዴሚል «አሥርቱ ትእዛዛት»ን እ.ኤ.አ. በ1923 ድምፅ አልባ አድርጎ ሠርቶት ነበር፤ በ1956 ራሱ ደግሞ ሠራው፤ ዛሬ ስሙ ሲነሣ ለብዙው ሰው ትዝ የሚለው ሁለተኛው ነው። «ቤን ኸር» በ1925 ተሠርቶ በ1959 ሲደገም 11 የኦስካር ሽልማት ወሰደ፤ በ2016 እንደገና ሲሠራ ግን ወጪውን እንኳ መመለስ አቃተው። ታሪኩ ያው ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው እንደገና የተነገረበት ምክንያት ነው።

ይህን በደንብ የሚያሳየው በኢትዮጵያ ሲኒማ ቤቶችና ቪዲዮ ቤቶች ለብዙ ዓመታት ከተወደደው የህንድ ፊልም የሚገኝ ምሳሌ ነው። ሜህቡብ ካን በ1957 ያወጣው «ማዘር ኢንዲያ» እርሱ ራሱ በ1940 «ኦራት» በሚል ርእስ የሠራው ፊልም ድጋሚ ነው። በአራጣ አበዳሪ ዕዳ የተያዘች ገበሬ ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች፤ በመጨረሻም ወደ ሽፍትነት የገባውን ልጇን በገዛ እጇ ትገድላለች። የመጀመሪያው ፊልም ሲሠራ ህንድ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ሁለተኛው ሲሠራ ነፃነት ካገኘች አሥር ዓመት ሆኗታል፤ ፊልሙም የሚጀምረው ያረጀችው እናት አዲስ የመስኖ ቦይ ስትመርቅ ነው። የአንዲት ሴት መከራ የአገር ታሪክ ሆነ። ሜህቡብ ካን ድጋሚውን የሠራው አገሩ ስለተለወጠች ነው፤ ፊልሙም ከቀደመው የላቀው በዚሁ ነው።

የአኪራ ኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» ጉዞም ከዚህ ይመሳሰላል። ሽፍቶች አዝመራ ጠብቀው የሚዘርፏቸው ገበሬዎች ሰይፈኞች ቀጥረው መንደራቸውን ይከላከላሉ። በ1954 በጃፓን የተሠራው ይህ ታሪክ በ1960 ወደ ሜክሲኮ መንደር ተሻግሮ የካውቦይ ፊልም ሆነ፤ በ2016ም በአሜሪካ ተደገመ። ዳባት ላይ ገብስ ለሚያጭድ ሰው ታሪኩ አስተርጓሚ አያሻውም። የ1960ው ድጋሚ አገሩን፣ ልብሱንና መሣሪያውን ሁሉ ቀይሮ አንድ ነገር ሳይነካ አስቀረ፦ በመጨረሻ ያሸነፉት ገበሬዎቹ እንጂ ተዋጊዎቹ አይደሉም።

ምክንያት የሌለው ድጋሚ ደግሞ በትክክለኛነቱ ይጎዳል። የአልፍሬድ ሂችኮክን «ሳይኮ» በ1998 እንደገና የሠራው ጋስ ቫን ሳንት የ1960ውን ፊልም ቀረፃ በቀረፃ ተከትሎ ቀለም ጨመረበት፤ ተቺዎች ምን አዲስ ነገር እንዳገኙ መናገር ተቸገሩ። የ1994ቱ የካርቱን ፊልም «ላየን ኪንግ» በ2019 እውነተኛ አውሬ በሚመስሉ ምስሎች ሲደገም ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ የእንስሳቱ ፊት ግን ኀዘንም ደስታም አያሳይም የሚል ወቀሳ ተከተለው። በሰሜን ተራሮች፣ በሳንቃበር፣ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ያየ ሰው የአውሬ ፊት ዝም እንደማይል ያውቃል፤ ጭላዳ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን በማሳየት ብቻ ብዙ ይናገራል። ችግሩ ፊልሙ ለእንስሳቱ የሰው ንግግር ሰጥቶ የአውሬም የሰውም የፊት ቋንቋ ማሳጣቱ ላይ ነው። ገበያና ጥራት እንዲህ ይለያያሉ፤ ድጋሚዎች መሠራታቸውን የማያቋርጡትም ስለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ የፊልም ሥራ ውስጥ የተወደደን ፊልም በክፍል ሁለት መቀጠል የተለመደ ነው፤ «የወንዶች ጉዳይ» እና «ሦስት ማዕዘን» እንዲህ ቀጥለዋል። አንድን ታሪክ ደጋግሞ የመሥራት ልማድ ግን ጎልቶ የሚታየው በመድረክና በመጽሐፍ ነው፤ በብዛት ከተደገሙት አንዱ የአፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ሲሆን ወሳኝ ምዕራፉ የተፈጸመው በሰሜን ተራሮች አገር ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩትን ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አደረጉ። በቀናት ውስጥም በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ደረስጌ ዛሬ በጃናሞራ ወረዳ ናት፤ ከደባርቅ ተነሥቶ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ የሚሄደው መንገድ ወደዚያ ያደርሳል።

ይህ ታሪክ ገና ከጥንቱ አንድ «ኦሪጅናል» አልነበረውም። በዘመኑ የነበሩት ደብተራ ዘነብ ንጉሡን በአድናቆት ሲጽፉ አለቃ ወልደ ማርያም ግን ጭካኔያቸውን አጉልተው ጻፉ። በሃያኛው መቶ ዘመን ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ»ን ለመድረክ አበቃ። የጎንደር ተወላጁ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን በልብ ወለድ አቀረቡ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በእንግሊዝኛ ተውኔት ጻፈ፤ ኋላም ጌትነት እንየው «የቴዎድሮስ ራዕይ»ን ለመድረክ አዘጋጀ። በእነዚህ ሥራዎች መካከል ሽፍታው ካሣ የአንድነትና የሥልጣኔ ሕልም ያለው ንጉሥ እየሆነ ጎላ። እያንዳንዱ ትውልድ የሚፈልገውን ቴዎድሮስ ሠራ፤ ማንም ግን የኋለኛውን ጸሐፊ «የፊተኛውን አበላሸህ» ብሎ ሲከስስ እምብዛም አልተሰማም።

ከፊልሙ ዓለም ጋር ያለው ልዩነት የሚመጣው ከሥራው ጠባይ ነው። ተውኔት ከታየ በኋላ የሚቀረው በትዝታ ነው፤ አዲሱ ዝግጅት የሚወዳደረው ከትዝታ ጋር ነው። ፊልም ግን እንደተቀረፀ ይቀመጣል፤ የዛሬው ተዋናይ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከተቀረፀው ተዋናይ ጎን ይቆማል። በዚህ ላይ ቀድሞ የታየው ሁሉ እንደ መጀመሪያ መቆጠሩ አለ፦ ደባርቅ ላይ አዲሱን ፊልም በስልኩ አስቀድሞ ያየ ወጣት አሮጌውን ሲያገኝ የሚደንቀው አሮጌው ነው። ስለዚህ በዕድሜ ብቻ መዳኘት አይበቃም። ድጋሚው መመዘን ያለበት ፊተኛው ያላየውን በማየቱ ነው።

የደረስጌ ታሪክ በዚህ ሚዛን ገና ብዙ የሚሠራበት ነው። ከላይ የተጠቀሱት ሥራዎች ማዕከላቸው ቴዎድሮስ ናቸው። ከሰሜን በኩል የሚያይ ፊልም ግን ከደጃዝማች ውቤ ሊነሣ ይችላል። ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት ውቤ ናቸው፤ ሊነግሡባትም አስበው ነበር። ጳጳሱን አቡነ ሰላማን ከግብፅ ለማስመጣት የደከሙትም እርሳቸው ናቸው። ቆስለው በተማረኩ በቀናት ውስጥ እኚያው ጳጳስ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ባላጋራቸውን ቀቡ። ተውኔት ጸሐፊ ሊፈጥረው ቢሞክር ተጋነነ የሚባል ነገር ነው፤ ታሪኩ ግን ሳይጨመርበት እንዲሁ ነው።

ነገሩ በዚያም አላበቃም። የውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ አባቷን ያሰረውን ንጉሥ አገባች፤ ልዑል ዓለማየሁን ወለደች። ውቤ በእስር እንዳሉ ሞቱ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የቴዎድሮስ ምሽግ መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ከወደቀች በኋላ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር በጉዞ ላይ ሳለች አረፈች፤ ልጇ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንድሰር ተቀበረ። ከደረስጌ እስከ ዊንድሰር ያለውን በጥሩወርቅና በልጇ ዓይን የሚከተል ፊልም ዘመኑን፣ ቦታውንና የጦርነቱን ውጤት አንድም ሳይለውጥ ፍጹም አዲስ ታሪክ ይነግራል። ቴዎድሮስን የሚወድ ተመልካች መቅደላን ያገኝበታል፤ የጃናሞራና የደባርቅ ሰው ደግሞ በታላቁ ታሪክ ውስጥ ተሸናፊ ተብሎ ብቻ የታለፈውን የአገሩን ወገን።