የዱር እንስሳት ቁጥር ለምን ይወጣል፣ ለምን ይወርዳል?

በባሌ፣ ሳነቴ አምባ ላይ ውርጩ ሳይለቅ አንድ ቀይ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሟል። ጆሮውን ቀስሮ ይጠብቃል፤ አፈሩ ነቅነቅ ሲል ዘሎ አፍንጫውን ይቀብራል። ሲያድን ብቻውን ነው። ግዛቱን የሚጠብቀውና ግልገል የሚያሳድገው ግን ከመንጋው ጋር ነው። ከመንጋውም አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንዲት የበላይ ሴት ናት፤ እሷም በዓመት አንዴ።

የእንስሳትን ብዛት የሚያጠናው የሥነ ምህዳር ዘርፍ የሚነሳው ማን ይወልዳል፣ በዓመት ስንቴ ይወልዳል ከሚል ዓይነት ጥያቄ ነው። የአንድ አካባቢ እንስሳት ቁጥር የሚለወጠው በአራት በር ነው፦ በመወለድ፣ በመሞት፣ ከሌላ ቦታ በመምጣትና ጥሎ በመሄድ። መቁጠር ግድ ነው፤ ዋናው ግን የትኛው በር እንደጠበበ፣ የትኛው እንደተበረገደ ማወቅ ነው።

ምግብና ቦታ ሲተርፍ ቁጥሩ እጥፍ በእጥፍ ይሆናል። ይህ አይዘልቅም። ቤልጅጋዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ቨርሁልስት እ.ኤ.አ. በ1838 እንዳሳየው፣ ብዛቱ መሬቱ ሊሸከም ወደሚችለው ልክ ሲጠጋ እድገቱ እየዘገመ ይመጣል።

አንዳንዴ ግን ልኩን አልፎ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ1944 ከአላስካ ወዲያ ባለችው የቅዱስ ማቴዎስ ደሴት ሬይንዲር የሚባሉ 29 የበረዶ አገር አጋዘኖች ተለቀቁ። አዳኝ አውሬ አልነበረም። በ1963 ወደ 6,000 ደረሱ። የበረዶ ወቅት ቀለባቸው የሆነውን፣ መልሶ ለመብቀል ብዙ ዓመት የሚፈጀውን ላይከን ግጠው ጨረሱት፤ ከባድ ብርድም ተጨመረ። በ1966 የተገኙት 42 ብቻ ነበሩ። መሄጃም አልነበራቸውም፤ ደሴት ነውና።

ረሃብ እንስሳት በበዙ ቁጥር ይበረታል። ውርጭና ጎርፍ ግን ብዙ ናችሁ ጥቂት ናችሁ አይሉም። ተላላፊ በሽታ ከረሃቡ ወገን ነው፤ በተጠጋጉ መጠን ይዛመታል። እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 በባሌው ወብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ፣ በዚያ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስት እጅ ያህሉን ጨረሰ።

ከእንዲህ ያለ እልቂት ማገገም ይቻላል፤ በባሌም ታይቷል። ነገር ግን በዓለም የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ቀሪዎቹ በሰሜን ተራሮች፣ በአርሲ፣ በመንዝና በመሰሉት ከፍታዎች ተበታትነዋል። በመካከላቸው ያለው ማሳና መንደር ነው። ሴቶቹ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ከመንጋቸው ወጥተው ሌላ የሚፈልጉ ቢሆንም፣ ከተራራ ወደ ተራራ የሚወስድ መንገድ የለም። እነሱም እንደ አጋዘኖቹ ደሴት ላይ ናቸው ማለት ነው።

የመወለዱ በር በተፈጥሮ ጠባብ፣ የመምጣቱ ደግሞ በእርሻ የተዘጋ ነው። ዛሬውኑ እጃችን የሚደርሰው የመሞቱ በር ላይ ነው። የእብድ ውሻ በሽታው ከመንደር ውሻ ይመጣል። በደጋው ውሻ የምታሳድጉ ወገኖች፣ ክትባት ሲመጣ ውሾቻችሁን ይዛችሁ ውጡ።